ባለ ሃያ ናይራዋ ሸክላ ሠሪ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነው። ነገሩን የጀመረልኝ አንድ የናይጄሪያ የገንዘብ ኖት ነው። ለንግድ ሌጎስ ደርሶ የተመለሰው የአክስቴ ልጅ ከኪሱ የተረፈውን ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረግፍ፣ አንዷን ባለ 20 ናይራ አንስቼ አገላበጥኳት። በፊት ለፊቷ ጄኔራል ሙርታላ መሐመድ አሉ። የቀድሞ የአገሪቱ መሪ ናቸው። ይሄ የሚጠበቅ ነው፤ በብዙ አገር ገንዘብ ላይ መሪ አይጠፋም። ጀርባዋን ሳዞር ግን አንዲት ሴት ሸክላ ሲሠሩ አየሁ። እኚህ ሴት ማን ናቸው ብዬ የአክስቴን ልጅ ጠየቅሁት። አያውቅም። ስንት ሺህ ጊዜ ከፍሎበታል፣ መልስ ተቀብሎበታል፤ ዞር አድርጎ አላየውም። በቃ፣ ኖቷ እኔ ዘንድ ቀረች።

ምስሉ ዓይኔን የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ዳር፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ ይኖሩ ነበር። ምጣዳችን፣ ጀበናችን፣ እናቴ ለበዓል ጠላ የምትጠምቅበት ጋን ሳይቀር ከእሳቸው እጅ የወጣ ነው። እናቴ ምጣድ ልትገዛ ስትሄድ ይዛኝ ትሄዳለች፤ ከበራፋቸው አልፈን ግን አንገባም። ውሃ ቢያቀርቡልን አንጠጣም። እኛ ልጆች ዓይን ለዓይን እንዳንተያይ ተመክረናል፤ ቡዳ ናቸው ይባላላ! ምግብ ይዘን በዚያ በኩል ካለፍን ሸፍነን እንሮጣለን። የሚገርማችሁ ደግሞ የአጠራሩ ነገር ነው። የሰፈሩን እናት ሁሉ እትዬ፣ እማማ እያልን አንቱ ስንል፣ በዕድሜ እናቴን የሚበልጡትን እኚህን ሴት አንቺ ነበር የምንላቸው። ማንም አልተቆጣንም። እናቴም፣ ለስንቱ ነገር በአርጩሜ የምታሳድደኝ ሴትዮ፣ ለዚህ አንድም ቀን ገሥጻኝ አታውቅም።

እንግዲህ ይህን የልጅነት ነገር በሆዴ ይዤ ነው የናይራዋን ሴት ታሪክ መፈለግ የጀመርኩት።

ስማቸው ላዲ ክዋሊ ነው። ላዲ በሃውሳ ቋንቋ እሁድ ለተወለደች ሴት ልጅ የሚወጣ ስም ነው። ክዋሊ ደግሞ የተወለዱባት መንደር ናት። የክዋሊዋ የእሁድ ልጅ ማለት ነው እንግዲህ፤ ሌላ ማዕረግ፣ ሌላ ጌጥ የለውም። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1925 አካባቢ ነው። በጊዜው ለገጠር ልጅ የልደት ቀን የሚመዘግብ አልነበረምና እዚያ ላይ አካባቢ የምትለዋን ቃል ማስገባት ግድ ነው። መንደራቸው ዛሬ በናይጄሪያ የፌዴራል ዋና ከተማ ክልል ውስጥ ትገኛለች፤ ያኔ ግን እንግሊዞች በሚገዙት አገር መካከል ያለች የገበሬዎች መንደር ነበረች።

ሕዝባቸው ጉዋሪ ይባላል፤ ራሱን ሲጠራ ግን ግባጊ ነው የሚለው። ስለ ግባጊ ሴቶች አንድ የማይረሳ ነገር አለ። ሸክም በጭንቅላታቸው አይሸከሙም። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ውሃውንም እንጨቱንም ራሳቸው ላይ አስቀምጠው ሲሄዱ፣ የግባጊ ሴት በትከሻዋ ነው የምትሸከመው። ጭንቅላት የሰውነት አለቃ ነው፤ ሸክም ሊጫንበት አይገባም ብለው ያምናሉ። የእኛ እናቶች እንስራውን በጀርባቸው አዝለው ወገባቸውን በገመድ ሲያስሩት፣ እነሱ ገንቦውን ትከሻቸው ላይ ያሳርፉታል። በዚህም ሆነ በዚያ፣ ውሃ ቀጂዋ ሴት ናት፤ የውሃውን ዕቃ የምትሠራውም ሴት ናት።

ላዲ ሸክላ መሥራት የተማሩት በልጅነታቸው፣ ከአክስታቸው ነው። ትምህርት ቤት አልገቡም። በግባጊዎች ዘንድ ሸክላ የሴቶች የተለመደ ሥራ ነው። እናት ወይም አክስት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ስትሠራ፣ ልጅ አጠገቧ ሆና ጭቃ ታሻለች፣ ውሃ ታቀብላለች፣ መጀመሪያ ትንሽ ሳህን፣ ቀጥሎ ትንሽ ድስት እያለች ትቀጥላለች። ትንሿ ላዲ ብዙም ሳይቆዩ ከእኩዮቻቸው ልቀው ታዩ። ቤተሰቦቻቸው እንደሚያስታውሱት ዕቃቸው ገበያ ሳይደርስ እዚያው ቤታቸው በር ላይ እየተሸጠ ያልቅ ነበር።

አሠራሩን ላስረዳችሁ፤ ምክንያቱም የእኚህ ሴት ታሪክ ያለ እጃቸው አይነገርም። የሚሽከረከር መንኮራኩር የለም። መጀመሪያ አንድ ትልቅ የጭቃ ድቡልቡል መሬት ላይ ይቀመጣል። መሐሉን በጡጫ እየመቱ ይከፍቱትና ግድግዳውን ከውስጥ ወደ ላይ ይስቡታል። ከዚያ በኋላ ጭቃውን በሁለት መዳፍ መሐል እያሹ እንደ ወፍራም ገመድ ያረዝሙታል። ያንን ገመድ ከንፈሩ ላይ ዙሪያውን ይጠመጥሙታል፣ በጣት ቆንጠጥ እያደረጉ ከታችኛው ጋር ያዋህዱታል። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር፣ እንደገና ሌላ ዙር። ግድግዳው ከፍ ሲል ውስጡንም ውጪውንም በቅል ስባሪ ወይም በእንጨት እየፋቁ ያሳሱታል፤ ሆዱ የሚነፋውም በዚህ ጊዜ ነው።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ገንቦው አይዞርም፤ ሠሪዋ ናት የምትዞረው። ላዲ ወገባቸውን አጎንብሰው፣ እግራቸውን እያቀያየሩ፣ ወደ ኋላ እየሄዱ ገንቦውን ይዞሩታል። የዓይን ልክ ካልሆነ በቀር መለኪያ የለም። እንዲህ እየዞሩ ቁመቱ ከጉልበት የሚያልፍ፣ ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ ዙሪያው ምንም ያልተንጋደደ ገንቦ ያወጣሉ። ቀጥሎ ጌጡ ይመጣል። ጥርስ ጥርስ የወጣላት ትንሽ እንጨት እርጥቡ ጭቃ ላይ እያንከባለሉ ዙሪያውን መስመር ያወጡለታል። በመስመሮቹ መሐል በሹል እንጨት እንሽላሊት፣ ጊንጥ፣ አዞ፣ እባብ፣ ወፍ፣ ዓሣ ይሥሉበታል። ንድፍ የለም፣ ወረቀት የለም። ሲደርቅ ደግሞ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ሜዳ ላይ ተከምሮ፣ እንጨትና ደረቅ ሣር ይለብስና ይቃጠላል።

ይህን ሳነብ ለራሴ ያን ያህል ከባድ አልመሰለኝም። ውሸት ምን ያደርጋል! ጭቃ ጠምጥሞ ማስተካከል ምኑ ይከብዳል አልኩ። ቀጨኔ ወርጄ ሸክላ ከሚሠሩት እናቶች አንዷን ለምኜ በፌስታል የተዘጋጀ ጭቃ ይዤ ተመለስኩና ኮንዶሚኒየሜ በረንዳ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ገንቦዬ ሦስተኛው ዙር ላይ ተንሸራቶ ተቀመጠ። ጭቃው ገና እርጥብ ነው፤ የታችኛው ጠንከር እስኪል ሳልጠብቅ የላዩን ጫንኩበት፣ ሆዱ ተዘረጠጠ። ለካ ሸክላ ሠሪ ብዙ ጊዜዋን የምታጠፋው በመጠበቅ ነው። ሁለተኛው ቆመልኝ። ደስ ብሎኝ ቶሎ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ማታ ስመለስ ገመዶቹ በተገናኙበት መስመር ሁሉ ተሰነጣጥቆ ጠበቀኝ፤ በደንብ አላዋሃድኳቸውም ነበር፣ ደግሞም ሸክላ በጥላ ነው ቀስ ብሎ የሚደርቀው። ሦስተኛውን ትንሽ አደረግሁት፤ የስኒ ታላቅ ወንድም ቢባል ነው። ይሄኛው ደረቀ። ቀጨኔ ይዤው ሄጄ እናቶቹ ሲያቃጥሉ ከእነሱ ዕቃ ጋር ጣል አደረጉልኝ። ከአመዱ ሲወጣ ደህና ይመስላል። ጭቃውን የሰጡኝ እናት አነሡትና በጣታቸው አንጓ መታ አደረጉት። የእሳቸው ጀበና ሲመታ እንደ ደወል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የእኔው ዱብ አለ። ሳይናገሩ መለሱልኝ። ውስጡ ተሰንጥቋል ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው ፊት ይሄማ ጭቃ ነው ብዬ አላውቅም።

ወደ ክዋሊ እንመለስ። በአካባቢው የምትገኘው ትልቋ ከተማ ያኔ አቡጃ ትባል ነበር። ልብ በሉ፣ የዛሬዋን ዋና ከተማ ማለቴ አይደለም። በ1976 የሙርታላ መሐመድ መንግሥት ዋና ከተማውን ከሌጎስ ለማዛወር ሲወስን፣ አዲሱ ከተማ የድሮዋን አቡጃን ስም ወሰደ፤ የድሮዋ ሱሌጃ ተባለች። እናም በባለ 20 ናይራዋ ላይ ፊትና ጀርባ የሆኑት ሁለቱ ሰዎች በዚህች በአንዲት የከተማ ስም ይገናኛሉ።

የድሮዋ አቡጃ አሚር ሱሌማን ባራው የሚባሉ ሰው ነበሩ። በቤተ መንግሥታቸው የላዲ ክዋሊን ገንቦዎች አስቀምጠው ነበር። በ1950 አንድ እንግሊዛዊ ወደዚህ ቤተ መንግሥት መጣ። ማይክል ካርዲው ይባላል። በአገሩ ስመ ጥር ሸክላ ሠሪ ነው፤ የታዋቂው የበርናርድ ሊች የመጀመሪያ ተማሪዎች ከሚባሉትም አንዱ ነው። ከዚያ በፊት በዛሬዋ ጋና ሠርቷል። አሁን ደግሞ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት በናይጄሪያ የሸክላ ሥራ እንዲያስፋፋ ቀጥሮት፣ ማሠልጠኛ የሚከፍትበት ቦታ ሲፈልግ ነው የላዲን ገንቦዎች ያየው። ባለሙያ ባለሙያን በሥራው ያውቃል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ገንቦዎቹ ከአእምሮው አልወጡም።

ማሠልጠኛው በ1950ዎቹ መጀመሪያ አቡጃ ውስጥ ተከፈተ። ሠልጣኞቹ ወንዶች ነበሩ። ይህ ራሱ የሚያስገርም ነው። በአካባቢው ሸክላ የሴቶች ሙያ ሆኖ ሳለ፣ ማሠልጠኛ ሲከፈት፣ ደመወዝ ሲመጣ፣ መንኮራኩርና እቶን ሲተከል የተጠሩት ወንዶች ናቸው። ይህን ያየነው እዚያ ብቻ አይደለም። ወጥ የሴት ነው፣ የሆቴል ቤት ዋና ወጥ ሠሪነት ግን የወንድ የሚሆንበትን አገር እናውቃለን።

ላዲ ክዋሊ በ1954 ገቡ። በማሠልጠኛው የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ 30 እየተጠጋ፣ እጃቸው ሙያውን ጨርሶ የተካነ ሰው ሠልጣኝ ተብለው ገቡ ማለት ነው። መንኮራኩር ላይ መሥራት ተማሩ፤ ሳህንና ጎድጓዳ ዕቃ፣ ማንቆርቆሪያና ኩባያ አወጡበት። ትልልቁን ገንቦ ግን እንደ አክስታቸው፣ በእጃቸው፣ እየዞሩት ነው መሥራት የቀጠሉት። በዚያ ላይ መንኮራኩር የሚጨምርላቸው ነገር አልነበረም።

የተለወጠው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ካርዲው በእንጨት የሚነድ፣ ሙቀቱ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚደርስ እቶን ነበረው። ሜዳ ላይ የሚነድ እሳት እዚያ አይደርስም። የላዲ ገንቦ በሠለጠነው ጭቃ ይሠራል፣ የተሣለው ሥዕል መስመር ውስጥ ነጭ አፈር ይሞላበታል፣ ከላይ ሲቃጠል እንደ መስተዋት የሚሆን ቅብ ይቀባል፤ ከዚያ እቶን ይገባል። ሲወጣ አረንጓዴ ወይም ጠቆር ያለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እንሽላሊቶቹና ጊንጦቹ በነጭ ደምቀው የሚታዩበት ገንቦ ነው። ከክዋሊም ከእንግሊዝም አልነበረም እንዲህ ያለ ዕቃ፤ ከሁለቱ ነው የተወለደው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ጠፍቷል። የመንደሩ ገንቦ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ላብ ስለሚያወጣ ነው። ግድግዳው ላይ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉ። ውሃው በእነሱ ወደ ውጭ እየወዛ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ የቀረው ይቀዘቅዛል። የእኛም እንስራ ውሃ በበጋ የሚጥመው በዚህ ነው። ቅቡ እነዚህን ቀዳዳዎች ደፈናቸው። ስለዚህ ያ የሚያብለጨልጭ ገንቦ ውሃ አያቀዘቅዝም። ለማጀት መሆኑ ቀርቶ ለሳሎን ሆነ፣ ለሙዚየም ሆነ። ላዲ ክዋሊን ዓለም ያወቃቸው ገንቦአቸው የገንቦን ሥራ መሥራት ሲያቆም ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል ልበል ወይስ ይከፋኛል፣ እስካሁን አልቆረጥኩም።

ደግሞ ሌላም ነገር ተጨመረ። በዕቃቸው ላይ ማኅተም ተመታበት። የአቡጃ ማሠልጠኛ ምልክት አለ፤ አጠገቡ የእሳቸው የስማቸው መነሻ ፊደሎች አሉ። በመንደር ማን እንደሠራው ገዢው ከእጁ ያውቀዋል፤ ፊደል አያስፈልግም። ወደ ሩቅ አገር ለሚሄድ ዕቃ ግን ፊደሉ ያስፈልጋል። በዚያች ትንሽ ማኅተም ምክንያት ዛሬ በእንግሊዝ ሙዚየም ቆሞ ያለውን ገንቦ ያየ ሰው፣ ይህን የሠሩት ላዲ ክዋሊ ናቸው ይላል።

ገንቦዎቹ ለንደን የደረሱት ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1958፣ በ1959 እና በ1962 በርክሌይ ጋለሪ በሚባለው ቦታ የአቡጃ ሸክላዎች ለእይታ ቀረቡ፤ የላዲ ሥራ ከሁሉ በላይ ተፈለገ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ራሳቸው እንግሊዝ አገር ሄደው በሰው ፊት ሠርተው አሳዩ። የእንግሊዝ መንግሥትም ኤም.ቢ.ኢ. የተባለውን ሜዳይ ሰጣቸው። በ1972 ደግሞ ከካርዲውና ክሌመንት ኮፊ አቴይ ከሚባል ሸክላ ሠሪ ጋር አሜሪካን ዞሩ። አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላል። መሐል ላይ የጭቃ ድቡልቡል ይቀመጣል። ላዲ ያጎነብሳሉ፣ ጡጫቸውን ያሳርፋሉ፣ ገመዱን ይጠመጥማሉ፣ ወደ ኋላ እየሄዱ መዞር ይጀምራሉ። አዳራሹ ሙሉ ሰው በመንኮራኩር ብቻ ማሰብ የለመደ ነው፤ ዓይኑ እያየ ያለ መንኮራኩር ክብ ነገር ከመሬት ይነሣል። ማብራሪያ የሚያስፈልገው አልነበረም።

ማሠልጠኛው ውስጥም ነገር ተለወጠ። እሳቸው ከገቡ ከዓመታት በኋላ ሃሊማ አውዱ፣ አሲቢ ኢዶ፣ ካንዴ ኡሻፋ የሚባሉ ሴቶች ተከተሉ። ለሴቶቹ የሚሠሩበት የራሳቸው ክፍል ተሰጣቸው፤ በሃውሳ ዳኪን ጉዋሪ፣ የጉዋሪ ክፍል ተባለ። አንድ ሰው በር ከከፈተ ሌላው ይከተላል የሚባለው እዚህ ላይ እውነት ሆነ። ካርዲው በ1965 ሲሄድም ላዲ እዚያው ነበሩ፤ የሚያስተምሩትም እሳቸው ሆነዋል።

በ1977 በዛሪያ ከተማ የሚገኘው አህማዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡት የክዋሊዋ የእሁድ ልጅ ዶክተር ላዲ ክዋሊ ተባሉ። በ1980 መንግሥት የአገሪቱን ከፍተኛ የሙያ ሽልማት ሰጣቸው፤ በተከታዩም ዓመት ሌላ ብሔራዊ ኒሻን ተጨመረ። የሠሩበት ማሠልጠኛም በስማቸው ተሰየመ። ነሐሴ ወር 1984 ሚና በምትባለው ከተማ አረፉ። ወደ 60 ዓመት ቢሆናቸው ነው። ከሞቱ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ አገራቸው በባለ 20 ናይራው ጀርባ ላይ አተመቻቸው። ልብ በሉ፣ ሜዳዩን አጥልቀው፣ ካባውን ደርበው አይደለም የታተሙት። ሸክላ እየሠሩ ነው።

ይህ ሁሉ ክብር ለናይጄሪያ ሸክላ ሠሪዎች ሁሉ እንጀራ ሆኗል አልልም። ፕላስቲክ ባልዲና ጄሪካን እዚያም እዚህም የገንቦን ገበያ በልቶታል። ኖት ላይ መታተም ዳቦ አይሆንም። ግን ናይጄሪያ ውስጥ የሸክላ ሠሪ ልጅ እናትሽ ምን ትሠራለች ብትባል፣ ከኪሷ 20 ናይራ አውጥታ ልታሳይ ትችላለች። የእኛዋ የሸክላ ሠሪ ልጅ ግን ስንት ጊዜ ዋሽታ ይሆን?

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚል ተረት አለን። ለድህነቷ የተተረተ ነው፤ ለሰው ደህናውን ሸጣ ለራሷ ስባሪው ይቀራል ነው ነገሩ። ተረቱ ያልነገረን ግን ገሉን ያቀበልናት እኛ መሆናችንን ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። አዋጁ ከወጣ ከስንትና ስንት ዓመት በኋላ ነው እኔ፣ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ፣ ዳቦዬን ሸፍኜ በእኚያ ሴት ደጃፍ የምሮጠው። በእሳቸው ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ በልቼ፣ በእሳቸው ጀበና የፈላው ቡና ሲጠጣ ቁርሱን ለቅሜ፣ ከእሳቸው ዓይን እሸሻለሁ። ትርጉሙን የሚያስረዳኝ ካለ ይንገረኝ።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት እናቴ ዘንድ ደወልኩ። የዚያን ጊዜዋን ሸክላ ሠሪ አነሣሁባት። ወዲያው ነው ያስታወሰቻቸው። ምጣዳቸው እንደሌላው ቶሎ አይሰነጠቅም ነበር አለች፤ እንጀራው ዓይኑ እንዴት እንደሚያምር ነገረችኝ፤ ጀበናቸው ዛሬም ቤት ውስጥ አለ፣ አፉ ብቻ ትንሽ ተሸርፏል አለች። ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው ከሰፈሩ ለቀዋል። ስማቸውን ጠየቅኋት። ዝም አለች። ቆይ አለች፤ እንደገና ዝም አለች። አታውቀውም። 20 ዓመት ሙሉ ዕቃ ገዝታቸዋለች፣ ስማቸውን አታውቀውም። ሸክላ ሠሪዋ ነበር የሚባሉት፣ በቃ። እኔም ልቆጣት አፌን ከፍቼ፣ እኔስ መቼ አውቄው ብዬ ተውኩት።

አሁን በሚቀጥለው ሳምንት ጓዜን ይዤ ወደዚያው ልሄድ ነው። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች አንዱ ያውቅ ይሆናል። የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮቹም የክርስትና ስማቸውን ያስታውሱ ይሆናል። ያቺን አፏ የተሸረፈች ጀበና ከእናቴ ለምኜ አመጣታለሁ፤ ማኅተም የላትም፣ ገልብጬ ብፈልግ የማገኘው ፊደል የለም። ስማቸውን ካገኘሁ በሚቀጥለው ጽሑፌ እነግራችኋለሁ። እናንተም እስከዚያው ጀበና ወይም ምጣድ የምትገዙ ከሆነ፣ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት የሻጯን ስም ጠይቁልኝ። አንቱ ማለታችሁንም እንዳትረሱ።

ቸር ይግጠመን።